ተጫዋቹን የማይጠብቅ ዓለም

ክፍት ዓለም የሚባለው የቪዲዮ ጌም ዓይነት ተጫዋቹን ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው በጠባብ መተላለፊያ ከሚመራው የቀድሞ አሠራር ተለይቶ፣ ሰፊ መልክዓ ምድር ዘርግቶለት በፈለገው አቅጣጫ እንዲሄድ፣ ከሩቅ ያየው ተራራ ላይ በእግሩ እንዲወጣ፣ ዋናውን ታሪክ ትቶም ቀኑን በገበያና በመጠጥ ቤት ቢያሳልፍ እንዳይከለከል የሚያደርግ ነው። የሚና ጨዋታ የሚባለው ደግሞ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይዞ፣ የዚያን ሰው ችሎታ ቀስ በቀስ እያሳደገ በስሙ ውሳኔ የሚሰጥበት ዘርፍ ሲሆን፣ ሥሩም ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተሙት “ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ” ከተባለው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀትና በእርሳስ ከሚጫወቱት ጨዋታ ይመዘዛል (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ተጣምረው አስማት፣ ዘንዶና የፈረሱ ጥንታዊ መንግሥታት በሞሉት የምናብ ምድር ላይ ሲያርፉ አንዳንዶቹ በእርግጥ ሰው የሚኖርባቸው አገሮች ይመስላሉ፤ ሌሎቹ ግን ሥዕላቸው የቱንም ያህል ቢያምር ተዋናይ ያልወጣበት መድረክ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው ምን እንደሆነ ሲመረመር ስፋትም ሆነ የሥዕል ጥራት ከሚገመተው ያነሰ ድርሻ እንዳላቸው ይታያል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዓለሙ ተጫዋቹ ባይኖርም የራሱ ጉዳይ ያለው መምሰሉ ነው።

ስፋት ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ለማየት ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ “ዘ ኤልደር ስክሮልስ” በሚል የጋራ ርእስ ያወጣቸውን ተከታታይ ጨዋታዎች መመልከት ይጠቅማል። በ1996 የወጣው “ዳገርፎል” ስፋቱ ከታላቋ ብሪታንያ ጋር የሚነጻጸር፣ ከ15,000 በላይ ከተሞችን፣ መንደሮችንና የምድር ውስጥ ዋሻዎችን የያዘ ምድር ነበር። ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት የማይቻል በመሆኑ፣ ኮምፒዩተሩ በተሰጡት ደንቦችና በዘፈቀደ በሚወጡ ቁጥሮች እየተመራ ቤቱንም ጎዳናውንም ራሱ እንዲያመነጭ ተደርጓል፤ ውጤቱም በጊዜው የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ አምስተኛው መንደር የደረሰ ተጫዋች ከመጀመሪያው የሚለየውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2002 የወጣው “ሞሮዊንድ” በአንጻሩ ታሪኩን በሙሉ ቫርደንፌል በተባለች አንዲት ደሴት ላይ አሰፈረ። ደሴቲቱ ከዳገርፎል ስፋት አጠገብ ስትቀመጥ ኢምንት ናት፤ ይሁን እንጂ መቃብሩም ጎጆውም፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳው ጽዋም በሰው እጅ ተመርጦ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ዛሬም ድረስ የዘርፉ አፍቃሪዎች ሕያው ዓለም ሲባል አስቀድመው ከሚጠሯቸው ቦታዎች አንዷ ሆና ቀርታለች።

የሞሮዊንድ ጥንካሬ በእጅ በመሠራቱ ብቻ አያበቃም። ተጫዋቹ አንድ ሰው ወይም ዋሻ ፈልግ ተብሎ ሲላክ መድረሻውን የሚያመለክት ቀስት አይበራለትም፤ ላኪው ከየትኛው በር እንደሚወጣ፣ የትኛውን ወንዝ እንደሚከተል፣ ከየትኛው ቋጥኝ ዘንድ ወደ ምሥራቅ እንደሚታጠፍ በቃል ይነግረዋል፣ የተነገረውም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጻፍለታል፤ መመሪያው አልፎ አልፎ የተምታታ መሆኑም አልቀረም። ከከተማ ከተማ መጓዝ የፈለገ ሰው ስልት ስትራይደር የተባሉትን እግረ ረጃጅም ግዙፍ ነፍሳት ወይም መርከብ መሳፈር ይችላል፤ ሆኖም እነዚህ የሚሄዱት በተወሰነላቸው መስመር ብቻ ስለሆነ አገሩን ማወቅ፣ የትኛው ከተማ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በልብ መያዝ ግድ ይላል። እንዲያውም ተጫዋቹ ለዋናው ታሪክ አስፈላጊ የሆነን ሰው ቢገድል ጨዋታው የትንቢቱ ፍጻሜ መበላሸቱን አስታውቆ፣ ከፈለገ በተበላሸው ዓለም መኖሩን እንዲቀጥል ይተወዋል። በኋላ የወጡት “ኦብሊቪየን” እና “ስካይሪም” እንዲህ ያሉትን ሰዎች የማይሞቱ አድርገዋቸዋል፤ ሰይፍ ሲያርፍባቸው ተንበርክከው ወይም ራሳቸውን ስተው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ይነሳሉ። ታሪኩ ከብልሽት ይድናል፤ ዓለሙ ግን በዚያች ቅጽበት የተጫዋቹ አገልጋይ መሆኑን ይናዘዛል።

ዓላማ ያለው ዓለም ለምን ሕያው ሆኖ እንደሚታይ ለመረዳት ከጨዋታው ወጣ ብሎ አንድ የሥነ ልቦና ሙከራን መጥቀስ ያስፈልጋል። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና አንዲት ክብ በአንድ አራት ማዕዘን ዙሪያና ውስጥ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም ለተማሪዎች አሳይተው ያዩትን እንዲገልጹ ጠየቋቸው፤ ተማሪዎቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅርጾቹን ትተው ስለሚያሳድድ ጉልበተኛ፣ ስለሚሸሹ ወዳጆች፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ቁጣ ተረኩ። ፊትም ድምፅም የሌለው ቅርጽ እንኳ እንቅስቃሴው ምክንያት ያለው ከመሰለ የሰው አእምሮ ነፍስ ይዘራበታል ማለት ነው። የጨዋታ ንድፍ አውጪዎች ሥራ እንግዲህ ይህን ዝንባሌ መመገብና በአጉል አጋጣሚ እንዳይሰበር መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ዕለታዊ ኑሮን በመቅረጽ ተጀመሩ። ሪቻርድ ጋሪዮት ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነበት በኦሪጅን ሲስተምስ የተዘጋጀው፣ በ1988 የወጣው አምስተኛው “ኡልቲማ” በኮምፒዩተሩ የሚመሩትን ነዋሪዎች በሰዓት የተከፋፈለ መርሐ ግብር ሰጣቸው፤ ባለሱቁ ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ምሳ ሰዓት ይበላል፣ ማታ ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛል፣ ሌሊት ዕቃ ልግዛ ብሎ የመጣ ተጫዋችም ቆሞ ይቀራል። በ1992 የወጣው ሰባተኛው ክፍል ይህን አስፍቶ፣ ተጫዋቹ ዱቄት ከውኃ ቀላቅሎ ሊጡን ምድጃ ውስጥ ቢከት ዳቦ እንዲያገኝ አደረገ። ዳቦው ለታሪኩ ፍጻሜ ምንም አይጠቅምም፤ ግን ዱቄት ዱቄትነቱ፣ እሳትም እሳትነቱ ለጀብዱ ሲባል ብቻ እንዳልተሰጠ ያስታውቃል። በ2001 ጀርመን ውስጥ ፒራንያ ባይትስ በተባለ ትንሽ ስቱዲዮ የተሠራው “ጎቲክ” ደግሞ መርሐ ግብሩ ላይ ይሉኝታንና ቁጣን ጨመረበት። ሰይፉን መዝዞ መንደር ውስጥ የሚዞር ሰው እንዲያስገባ ይነገረዋል፣ የሰው ጎጆ ሳይጠየቅ የገባ ይባረራል፤ አውሬውም ቢሆን ገና ከሩቅ እያጉረመረመ ያስጠነቅቃል፣ የተመለሰለትንም አያሳድድም። ጎቲክ በገንዘብና በቴክኖሎጂ ከብዙ ተፎካካሪዎቹ ያነሰ ነበር፤ ማኅበራዊ ወሰን ያለበትን ስፍራ በማሳየት ግን የበለጠው ብዙ አይደለም።

ከሁሉ የላቀው ምኞትና ከሁሉ የሚያስቀው ውድቀት አብረው የታዩት ቤተስዳ በ2006 ባወጣው “ኦብሊቪየን” ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ነዋሪ በስንት ሰዓት የት እንደሚሄድና ምን እንደሚያደርግ በፕሮግራመሮች ይጻፍለት ነበር፤ ራዲያንት ኤአይ የሚል ስም የተሰጠው አዲሱ አሠራር ግን ለነዋሪው ግቡን ብቻ ሰጥቶ መንገዱን ለራሱ ተወለት። አንድ ገጸ ባሕርይ በቀትር ይበላ ዘንድ ከታዘዘ ምግብ ካለው ያንን ይበላል፣ ገንዘብ ካለው ይገዛል፣ ሁለቱም ከሌሉትና የኃላፊነት ስሜቱ በቁጥር ዝቅ ተደርጎ ከተቀመጠ ይሰርቃል። የጨዋታው አዘጋጆች እንደተረኩት፣ በሙከራው ወቅት ለአንዱ መጥረጊያ ተሰጥቶት መንገድ እንዲጠርግ፣ ለሌላው መሰብሰቢያ መንሽ ተሰጥቶት ቅጠል እንዲያከማች ተደርጎ ሁለቱም በሰላም ሠሩ፤ መሣሪያዎቻቸው በተለዋወጡ ጊዜ ግን አንደኛው ተገቢውን መሣሪያ ለማግኘት ሲል ሌላውን ገደለው። በአመክንዮ ረገድ ስህተት አልነበረበትም፤ የጎደለው ሰው የሚባል ፍጡር ለመጥረጊያ ሲል ነፍስ እንደማያጠፋ የሚያውቅበት ነገር ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ብዙ ነፃነቱ ተገፈፈ፤ ለተጫዋቾች የደረሰው ኦብሊቪየን ከ1,000 በላይ ነዋሪዎቹ በየሰዓቱ ቦታ የሚቀያይሩበት፣ በመንገድ ተገናኝተውም ስለ ጭቃ ሸርጣን በድንገት አውርተው ያለ ስንብት የሚለያዩበት ዓለም ሆነ። ጥቂት ተዋንያን የብዙ መቶዎችን ድምፅ ስለሰጡ ለማኙና ባላባቱ በአንድ ጉሮሮ ሲነጋገሩ መስማትም የተለመደ ነበር። ይህ ሁሉ የጨዋታውን ተወዳጅነት አለመቀነሱ፣ እንዲያውም የቀልድና የፍቅር ምንጭ ሆኖለት መኖሩ፣ ተጫዋቾች በነዋሪው በኩል ዓላማ ካዩ ግራ መጋባቱን ይቅር ለማለት ፈቃደኛ መሆናቸውን ያሳያል።

ይቅር ያልተባለው ሌላ ጉዳይ ነው። በኦብሊቪየን ተጫዋቹ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ጠላቶቹም በመላው አገር አብረውት ይጠነክሩ ነበርና፣ በመጀመሪያ የተቀደደ ቆዳ የለበሱት ሽፍቶች ከጥቂት ሳምንታት ጨዋታ በኋላ ነገሥታት የሚመኙትን ውድ ጥሩር ለብሰው ከመንገደኛ ጥቂት ሳንቲም አምጣ ሲሉ ይገኛሉ። ሐሳቡ ፈተናው ምንጊዜም ተመጣጣኝ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ውጤቱ ግን ዓለሙ በሙሉ ዓይኑን በአንድ ሰው ላይ ተክሎ የሚኖር መሆኑን ማጋለጥ ነበር። በ2022 የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት ያወጣው “ኤልደን ሪንግ” ፍጹም ተቃራኒውን መንገድ ተከትሏል፤ ተጫዋቹ ከመነሻው ዋሻ ወጥቶ የመጀመሪያውን ሜዳ ባየበት ቅጽበት በወርቃማ ጥሩር ያጌጠ ፈረሰኛ መንገዱ ላይ ሲመላለስ ያገኛል፣ የተዳፈረውም በአንድ ሁለት ምት ይወድቃል። ዞሮ ማለፍና ቆይቶ መመለስ ይቻላል። በዚህ ጨዋታ የሚያነጋግሩ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ገበያም መንደርም የለም ማለት ይቻላል፤ ይሁንና ፈረሰኛው የቆመው ለተጫዋቹ ልክ ተመዝኖ ስላልሆነ፣ ባድማው ምድር ከብዙ የተጨናነቁ ከተሞች ይልቅ የራሱ ሕይወት አለው።

ዓለሙ የራሱ ሕግ እንዲኖረው ማድረግ የኑሮ መርሐ ግብር ከመጻፍ ያልተናነሰ አስፈላጊ ነው፤ በዚህ ረገድ በ2017 ኒንቴንዶ ያወጣው፣ ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ያዘጋጀው “ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ” አቻ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጨዋታ ሠሪዎች የኳስን መንከባለልና የድንጋይን መውደቅ የሚያሰላውን የፕሮግራም ክፍል የፊዚክስ ሞተር ይሉታል፤ የዜልዳ ሠሪዎች ከዚህ ጎን የኬሚስትሪ ሞተር ያሉትን ሠሩ። መሠረቱ ሦስት ደንቦች ብቻ ናቸው፦ እንደ እሳት፣ ውኃ፣ ነፋስና ኤሌክትሪክ ያሉ ኃይሎች ቁሶችን ይለውጣሉ፤ ኃይሎቹ እርስ በርሳቸውም ይለዋወጣሉ፤ ቁስ ግን ቁስን ሊለውጥ አይችልም። ከእነዚህ ደንቦች ማንም አንድ በአንድ ያልጻፋቸው ክስተቶች ይፈልቃሉ። ሣር ሲቃጠል ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚነሳ ተጫዋቹ የጨርቅ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፍበታል፤ ነጎድጓድ ሲመጣ የብረት ሰይፍ የያዘ ሰው በመብረቅ ይመታል፣ ሰይፉን ጠላቱ እግር ሥር የጣለ ብልህ ግን መብረቁን መሣሪያ ያደርገዋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ገደሉ ስለሚያንሸራትት ተራራ የሚወጣው መጠለያ ይፈልጋል። ዝናቡ በማይመች ሰዓት መምጣቱ ብዙዎችን አማርሯል። ነገር ግን ተጫዋቹን የሚያበሳጭ ዝናብ ከእሱ ፈቃድ ውጭ የሆነ ሰማይ መኖሩን ከማንኛውም ውብ ሥዕል በላይ ያሳምናል፤ ይህን ዝናብ የሚያጠፋ ማስተካከያ የሚጠይቁ ሰዎች ምን እንደሚያጡ ያሰቡበት አይመስልም።

የኑሮ ምክንያት ደግሞ ከሰማይ ወደ ከተማ ይወርዳል። የቤተስዳው “ስካይሪም” በ2011 ሲወጣ በሕዝብ ብዛት ከእውነተኛ መንደር ያነሱ “ከተሞች” ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ነዋሪው ምን በልቶ እንደሚያድር ለሚጠይቅ ሰው መልስ አላቸው። ሪቨርውድ ከወንዝ ዳር ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ይኖራል፣ ማርካርት ከብር ማዕድኑ፣ ሪፍተን ከዓሣውና በከተማው ያለ አንድ ኃይለኛ ቤተሰብ ከሚጥለው ጠጅ፣ ኋይትረን በዙሪያው ካሉት እርሻዎች። ማዕድኑን የያዘው ቤተሰብ እስር ቤቱንም መያዙ፣ ጠጅ ጣዩም ቤተሰብ ከሌቦች ማኅበር ጋር መወዳጀቱ ከኢኮኖሚው የሚከተል ፖለቲካ ነው። ድምፅም የበኩሉን ያደርጋል፤ የጨዋታው አቀናባሪ የጀረሚ ሶል ሙዚቃ በየመሀሉ ዝም እያለ ለነፋሱና ለሩቅ ተኩላው ቦታ ይለቅላቸዋል።

ያለፈ ዘመን የሌለው አገር ትናንት የተተከለ ድንኳን ሆኖ ይሰማል። ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1939 በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ የምናብ ዓለም አንባቢን የሚይዘው ውስጣዊ ሕጉን ሳያፈርስ ሲቆም መሆኑን ተከራክሮ ነበር፤ የጨዋታ ሠሪዎች ከእሱ የወረሱት ከድንክና ከዘንዶ ይልቅ ይህን ነው ማለት ይቻላል። ሞሮዊንድ ውስጥ በየመደርደሪያው የሚነበቡ መጻሕፍት አሉ፤ በቀይ ተራራ ስለተካሄደው ጥንታዊ ጦርነት የቤተ መቅደሱ ካህናት የሚሉትና የአመድ ምድር ዘላን ጎሣዎች በቃል የሚያስተላልፉት ፈጽሞ አይስማማም፣ ጨዋታውም እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ቁርጥ ያለ ፍርድ አይሰጥም። በአንድ ነገር የሚከራከሩ ወገኖች ያሉበት ታሪክ የተጻፈ ሳይሆን የተከሰተ ይመስላል። በስካይሪም ዋሻ ውስጥ እጁን ወደ ተቆለፈ ሣጥን የዘረጋ አጽምና አጠገቡ የወደቀ የተሰበረ መክፈቻም፣ ያለ አንድ ቃል፣ ተጫዋቹ ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ሌላ ሰው እዚህ ተስፋ ማድረጉን ይተርካሉ።

ካለፈው ዘመን ሌላ ተጫዋቹ ራሱ የሚሰጠው ውሳኔም መዘዝ ሊኖረው ይገባል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በሚገባ ያሳየው፣ በፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ከአንድርዜይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት ተነሥቶ የተሠራውና በ2015 የወጣው “ዘ ዊቸር 3” ነው። በጦርነት በደቀቀው ቬለን ጀራልት የተባለው ጭራቅ አዳኝ ከኮረብታ ሥር የታሰረ መንፈስ ያገኛል፤ ቢፈታው ሕፃናት ይድናሉ፣ ነገር ግን አንድ መንደር ያልቃል፣ ሚስቱን የሚፈልግ የአካባቢው ሰካራም ገዢም ሚስቱን በሞት አጥቶ ራሱን ይሰቅላል፤ ቢገድለው ደግሞ ሕፃናቱ ይጠፋሉ፣ ሴቲቱ አእምሮዋን ስታ በሕይወት ትቆያለች። ውጤቱ ወዲያውኑ ስለማይታይ ተጫዋቹ ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሶ ለማስተካከል ጊዜው አልፎበታል። ተልእኮው ከሽልማት አሰጣጥ ይልቅ የሰፈር ወሬ ባሕርይ አለው፦ አንዱ ያደረገው የሌላውን ቤት ያፈርሳል።

እርግጥ ይህ ሁሉ በከፊል ማስመሰል ነው። ኮምፒዩተር የአንድን አገር ነዋሪ ሁሉ በየሰከንዱ ሊያንቀሳቅስ ስለማይችል፣ ከተጫዋቹ አጠገብ ያሉት ብቻ ሙሉ በሙሉ ይሰላሉ፤ የሩቆቹ የት መሆን እንደሚገባቸው በግርድፉ ተመዝግቦ፣ ሲቀርቧቸው ብቻ እርምጃቸውን ይቀጥላሉ። የዛሬው የቋንቋ ሞዴል ለነዋሪዎቹ ያልተጻፈ ንግግር ሊያስገኝላቸው ይችላል፣ በስካይሪምም ላይ በአፍቃሪዎች ተሞክሯል፤ ግን ስለ ሁሉም ነገር በደስታ የሚያወራ ባለሱቅ ሥራ የሌለው ባለሱቅ ነው፣ ደንበኛውን አሁን አልችልም የሚል ግን ጉዳይ አለው።

ከንግግር ይልቅ የዘርፉ ትልቁ ድካም ትዝታ ነው። ዘንዶ የገደለውን ጀግና የስካይሪም ዘበኛ ዛሬም እንደ ተራ ሌባ ሊገሥጸው ይችላል። ይህን ክፍተት ከሁሉ በተሻለ የሞላው ሞኖሊዝ ፕሮዳክሽንስ በ2014 ቶልኪን በፈጠረው የምናብ ምድር ላይ የሠራው “ሻዶው ኦቭ ሞርዶር” ሲሆን፣ “ኔመሲስ” በተባለው ሥርዓቱ ተጫዋቹን የገደለ ስም የለሽ የኦርክ ወታደር ማዕረግ ያገኛል፣ ስም ይወጣለታል፣ በሚቀጥለው ግጥሚያም ያለፈውን እያነሳ ይሳለቃል፤ ተቃጥሎ ያመለጠም ጠባሳውን ይዞ፣ ቂሙንም ሳይረሳ ይመለሳል። ሥርዓቱ በ2017 ከወጣው ተከታዩ ጨዋታ በኋላ በሌላ ሥራ ላይ አልታየም። ባለቤቱ ዋርነር ብራዘርስ በ2021 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ጥበቃ አስመዘገበበት፣ ሞኖሊዝም በየካቲት 2025 ተዘጋ፤ በመሆኑም ጠላቶቹ እንዲያስታውሱ የሚፈልግ ሌላ ስቱዲዮ ወይ ከመብቱ ቃላት ውጭ የሚያልፍ የራሱን መንገድ መፈለግ ወይም ከባለቤቱ ፈቃድ መግዛት ይኖርበታል።